በጠረጴዛ ላይ የሚቆሙ የነገው ዓለም ሕንፃዎች



የጦርነት ጨዋታ የልጆች መዝናኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትዝ ለፕሩሲያ ንጉሥ ያቀረበው ጨዋታ፣ ኮረብታውና ወንዙ በአራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ላይ ተቀርጾ እንደተፈለገ የሚገጣጠም ጠረጴዛ ነበር። በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «ትንንሽ ጦርነቶች» በተባለው መጽሐፉ ጨዋታውን ወደ ተራው ሰው ቤት አስገባው። በ1987 «ዋርሀመር 40,000» በእንግሊዝ አገር ከታተመ ወዲህ ደግሞ ትንንሾቹ ወታደሮች በሩቅ ፕላኔቶች ላይ መዋጋታቸው በሰፊው ታወቀ። ከዚህም ጋር አንድ የንድፍ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም ማንም አይቶት የማያውቀው ሕንፃ በምን ልክ ይሠራ የሚል ነው።

መልሱ በስኬል የሚያልቅ ይመስላል። የተለመደው ምስል ከእግሩ እስከ ዓይኑ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ስኬሉ 1 ለ 56 ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት 90 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ በር 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ምስሉ የተተከለበት ክብ መቆሚያ ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወታደሩ በገዛ በሩ ማለፍ አይችልም። የ30 ሳንቲ ሜትር የደረጃ መርገጫም 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ማንም አይቆምበትም። ስለዚህ በሩ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በደረጃው ፋንታ መሰላል ይደረጋል፤ የፎቁም ከፍታ 54 ሚሊ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 75 ይደርሳል። የሕንፃው እውነተኛ ተጠቃሚ የተጫዋቹ እጅ ነውና።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ርቀት ነው። 1.83 በ1.22 ሜትር የሆነው የተለመደ ጠረጴዛ በዚሁ ስኬል ሲታሰብ 102 በ68 ሜትር፣ ማለትም አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የመጪውን ዘመን መሣሪያ የታጠቁ ሁለት ሠራዊቶች ያለ ከለላ ፊት ለፊት ቢሰለፉ፣ ቀድሞ የመተኮስ ዕድል የደረሰው ያሸንፋል። ርቀትን የሚፈጥረው ግድግዳው ነው፤ በመካከል የቆመ ረጅም ሕንፃ አጭሩን መንገድ የብዙ ዙር ጉዞ ያደርገዋል። ሆኖም ሜዳውን ሁሉ የሚያይ አንድ ማማ ከአንደኛው ወገን ብቻ ከተተከለ ፍትሕ ይጓደላል። ስለሆነም ንድፍ አውጪው ዓይኑን እስከ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጎ ከየማዕዘኑ የእይታውን መስመር መመርመር ይገባዋል።

የሳይንስ ልብወለድ ነው ተብሎም ምክንያት አይጣልም። አየር በሌለበት ዓለም የቆመ ቤት ድርብ በርና ጠባብ መስኮት ያሻዋል፤ በውስጡ የታመቀው አየር ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋም ክብ ቅርጽ ይስማማዋል። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ቆሻሻው ወዴት እንደሚሄድ የታሰበበት ሕንፃ በቀለም ብቻ ካጌጠው ይልቅ ይታመናል።

ሥራው ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ካርቶን፣ የማሸጊያ ፎምና ያገለገለ የፕላስቲክ ክዳን ይበቃል። ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ፎም በጋለ ሽቦ ሲቆረጥ የሚወጣው ጭስ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ክፍሉ በሚገባ አየር ያግኝ። የሚረጭ ቀለም ፎሙን ስለሚበላው አስቀድሞ በነጭ የእንጨት ኮላ ይሸፈን። ፒ.ቪ.ሲ. በሌዘር ከቶ አይቆረጥ፤ የሚያወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይጎዳልና።

እውነተኛ ከተማ የሚነድፍ ባለሙያም ከዚህ ጨዋታ የሚወስደው ትምህርት አለ። ግድግዳ የት እንደሚቆም የሚወስን ሰው፣ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚታገድም አብሮ ይወስናል። በጠረጴዛው ላይ ቢሳሳት የሚበላሸው የአንድ ምሽት ጨዋታ ነው፤ በከተማው ውስጥ ግን የሰው ኑሮ ነው።