የሸክላ ሠሪው ቃልና የተርጓሚው መዝገበ ቃላት



የሙያ መጽሐፍ ስንተረጉም እንግዳ ቃል ሲገጥመን እንጠነቀቃለን፤ የምናውቀው የሚመስለን ቃል ግን ሳናስተውለው ያልፋል። የሸክላ ሥራ መጻሕፍት እንዲህ ባሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው።

እንግሊዞች «ቢስኩት» የሚሉትን እንመልከት። ሥሩ ላቲን ሲሆን «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። በሸክላ ሠሪው ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢስኩት የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ እሳት የገባ፣ ብርጭቆ መሰሉን ቅብ ገና ያልተቀባ ዕቃ ነው። ዕቃው በዚህ እሳት ውሃ የማያሟሟው ይሆናል፤ ቅቡን የሚመጥበት ረቂቅ ቀዳዳም ይቀርለታል። ሥርወ ቃሉን ተከትሎ «ሁለት ጊዜ የተቃጠለ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ የሥራውን ቅደም ተከተል ያፋልሳል፤ ተማሪውም ቅቡን መቼ እንደሚቀባ ግራ ይገባዋል። «የመጀመሪያ እሳት የገባ» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ስሊፕ» በመዝገበ ቃላት ማዳለጥ ነው፤ በሸክላ ሠሪው ዘንድ ቀጭን ጭቃ ነው። ይህ ብዙ አያከራክርም።

«ግሮግ» ግን ያከራክራል። መዝገበ ቃላቱ በውሃ የተበረዘ የመርከበኞች መጠጥ ይለናል። ሸክላ ሠሪው የሚለው በእሳት ከበሰለ በኋላ ተወቅጦ ከአዲስ ጭቃ ጋር የሚደባለቀውን ሸክላ ነው። አንድ ጊዜ የበሰለ ሸክላ ዳግም እምብዛም ስለማይኮማተር፣ ጭቃው ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ያግዘዋል። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻንም፤ ስባሪ ሸክላ በአማርኛ ገል ነው። «የተወቀጠ ገል» ብንል የሚሰማን አናጣም።

የራሳችንም ቃላት ምስጢር አላቸው። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ በዓረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ እንግሊዞችም ያንኑ ዕቃ በአገሩ ስም «ቻይና» ይሉታል። ሸክላ ደግሞ ጭቃውንም፣ ዕቃውንም፣ ጡቡንም አልፎ የዘፈኑን ዲስክ ሳይቀር ይጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማሟሸት የሚለው ቃል ነው። አዲስ ምጣድ እየጋለ በጎመን ዘር ሲታሽ ዘይቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድም ገበታው ሸክላ ነውና ከዚህ አያመልጥም። ይህ ቃል በየቤቱ ስላለ ተርፏል። ሸክላ ሠሪዎቹ ብቻ የሚያውቋቸው ቃላት ግን ይህ ዕድል የላቸውም። የሙያው ባለቤቶች በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። የተናቀች ሴት ለጭቃዋ ያወጣችውን ስም የሚጽፍላት አልነበረም። አሁን ደግሞ ጀሪካን እንስራውን በብዙ ቦታ ተክቶታል፤ እንስራው ሲቀር ቃላቱም ይከተሉታል።

ስለዚህ የሙያውን መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት የሚነሣ አባል ቢኖር፣ ከመጻሕፍቱ አስቀድሞ ጭቃ ወደሚቦካበት ደጅ እንዲሄድና የሠሪዋ እጅ ምን ሲሠራ አፏ ምን እንደሚል ጎን ለጎን እንዲጽፍ አሳስባለሁ።