እባብ ለነደፈው ሰው ገመድ አይታሰርም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተወለድሁት ያዮ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቡና ለቀማ ሲደርስ ትልቁም ትንሹም ወደ ጫካ ይገባል። የአክስቴ ልጅ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ከረገፈ ቅጠል ውስጥ የተኛች እፉኝት ረገጠና ቁርጭምጭሚቱን ነደፈችው። እኔ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። የቅርጫቱን ጠፍር ፈትቼ ከጉልበቱ በታች ጥብቅ አድርጌ ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ ትልልቆቹም «ጎበዝ» አሉኝ። ጠፍሩ እስከ ማታ ሳይፈታ ቆየ። ልጁ ዳነ፥ እግሩ ግን ተቆረጠ። ሐኪሙ እንደ ነገሩን፥ እግሩን ያጠፋው መርዙ ብቻ ሳይሆን ማሰሪያዬም ነበር።

የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያሳብጣል፥ ይገድላል፤ ደምም እንዳይረጋ ያደርጋል። ገመድ ሲጨመርበት ደም ወደ እግር መድረሱ ይቀራል፥ መርዙም በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ይበላዋል። በምላጭ መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፥ ላምባ ማፍሰስ፥ ይህ ሁሉ አይረባም። «ታዲያ ስንቱ በዚህ ድኖ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ድኗል፤ ነገር ግን እባብ ሲነድፍ ሁልጊዜ መርዝ አይረጭም፤ መርዝ ያልገባበት ሰው በምንም ነገር ቢታከም ይድናል፥ ምስጋናው ግን ለድንጋዩ ይሆናል።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ያልታየች አንዲት የደጋ እፉኝት አለች። በ1977 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ቦህመ የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ ለሳይንስ ያስተዋወቋት በመቱና በበደሌ መካከል ከተገኘ ናሙና ነው። ያዮ በዚያው መንገድ ላይ ናት!

እንግዲህ ምን እናድርግ? የተነደፈውን ሰው ከእባቡ አርቁ፥ አስተኙት፥ አረጋጉት። ቀለበት፥ አምባርና ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ይውለቅ። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ ከእንጨት ጋር ይደገፍ። አይራመድ፤ በቃሬዛ ይወሰድ፥ መኪና ከተገኘም በመኪና። ኮብራ የነደፈው ሰው ሽፋሽፍቱ ይወድቃል፥ አንደበቱ ይተሳሰራል፥ ትንፋሹም ይደክማል፤ እንዲህ ያለውን በጎኑ አስተኝታችሁ ትንፋሹን ጠብቁ። ለሕመሙ አስፕሪን አትስጡት፥ ደም ያፈሳልና። ቀድሞ የታሰረ ገመድ ካገኛችሁም በመንገድ ላይ በድንገት አትፍቱት፤ ለባለሙያ ተዉት። እባቡን ለመግደል አትሩጡ፥ ሁለተኛ በሽተኛ እንዳናተርፍ።

መርዙን የሚያረክሰው ፀረ መርዝ ብቻ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ፈረስን በጥቂት መርዝ አለማምዶ ከደሙ የሚሠራ ሲሆን፥ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። አንዳንዱን ሰው ስለሚያስቆጣው ያለ ሐኪም አይሰጥም። በሁሉም ስፍራ አይገኝም፤ እኛም መጀመሪያ በደረስንበት አጥተነዋል። ስለዚህ ቃሬዛው ሲነሣ አንዱ ሰው ስልክ ይደውል፥ «መድኃኒቱ አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት በሽታዎች መካከል የቆጠረው በ1ኛው መደብ አሰልፎ በ2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው። በየዓመቱ ከ81 ሺህ የማያንስ ሰው ይሞታል ይላል።

አሁን ሁለት ሰዎች ወደ ፊት ቢመጡልኝ፥ አንዱ እግሩን ይሰጠኛል፥ ሌላው ነጠላውን። እንጨቱን እንዴት እንደምንደግፍ፥ በማሰሪያውም ሥር ጣት እንደሚገባ አሳያችኋለሁ።