ሆደ ሰፊው አባት፦ ግጥምንና ዘይቤን ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ስለ ማስተማር
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሕፃናት ግጥምንና ዘይቤን ስለ ማስተማር ነው። ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር፤ ጥፋቱን የሚሸሽግ መምህር ለባልደረባው የሚያካፍለው ትምህርት ጥቂት ነውና።

ከብዙ ዓመታት በፊት አምስተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ስለ ወላጆቻቸው በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዘዝሁ። አንድ ልጅ «ማይ ፋዘር ሃዝ ኤ ዋይድ ስቶማክ» ብሎ ጻፈ። እኔም በቀይ ቀለም ሰረዝሁና «ፋት» የሚለውን ቃል ተካሁለት። ልጁ ደብተሩን አይቶ፣ «ጋሼ፣ አባቴኮ ከሲታ ነው፤ ሆደ ሰፊ ነው ማለቴ ነው» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

እንግዲህ ልጁ ምን አጠፋ? ሰዋስዉ ትክክል ነበር። የአባቱን ቻይነት ለመግለጽ ከገዛ ቋንቋው አንድ ሥዕል አንሥቶ ወደ ባዕድ ቋንቋ ሊያሻግር ሞከረ። ይህ ደግሞ የባለቅኔ ሥራ ነው። እኔ ግን ዘይቤን ላስተምረው የሚገባኝ ሰው፣ ዘይቤን ሲጠቀም ስላገኘሁት ቀጣሁት።

ከዚህ የተማርሁት ነገር ቢኖር ልጆቻችን ዘይቤን ከእኛ የሚማሩት ሳይሆን ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት መሆኑን ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላል፤ የኦሮሞ ሕፃንም «ሂቦ» ሲጫወት ያድጋል። አንዱን ነገር በሌላ ነገር ሸፍኖ መጠየቅና ገልጦ ማግኘት፣ በመማሪያ መጽሐፍ ተለዋጭ ዘይቤ የምንለው ነገር መሠረት ነው። «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ደረቅ»፣ «አፈ ጮሌ» የሚሉትን አነጋገሮች ሕፃኑ ያለ መምህር ያውቃቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ሲወስን፣ ቋንቋውን የሚቀበለው ሕፃን ይህን ሁሉ ሀብት የያዘ ነበር። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ እያልን የዘይቤዎችን ስምና ትርጓሜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናስገለብጣለን። ስሙ ነገሩን ሲቀድም ሕፃኑ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቀው ይቈጥረዋል።

ይህን ስል ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልዩነታቸው በሁለት በኩል ይታያል።

የመጀመሪያው በሥዕሉ ነው። በእንግሊዝኛ ተረት ጉጉት የጥበበኛ ምሳሌ ናት፤ በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው ድምፅዋን እንደ ክፉ ምልክት ይሰማዋል። እንግሊዛዊው ንጣትን በአመዳይ ሲመስል፣ የእኛ ልጅ በጥጥና በወተት ይመስላል። መምህሩ ይህን ሳያስረዳ ቢያልፍ ተማሪው ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ግጥሙ ሳይገባው ይቀራል።

ሁለተኛው በድምፁ ነው። በአማርኛ «ሞላ» እና «በላ» ቤት ይመታሉ፤ የመጨረሻው ፊደል አንድ ነውና። «ሉ»፣ «ሹ» እና «ቱ» ግን ለእኛ ጆሮ ቤት አይመቱም። በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ቀለም «ብሉ»፣ ጫማ «ሹ»፣ ሁለት ቍጥር «ቱ» ይባላሉ፤ አጻጻፋቸው የተራራቀ ቢሆንም ሦስቱም ቤት ይመታሉ። ምጣኔውም እንደዚሁ ነው። የእኛ የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም በ6 እና በ6 ተከፍሎ ይመጠናል፤ በእንግሊዝኛ ግጥም ግን ምቱን የሚሸከሙት ጠበቅ ተደርገው የሚነገሩት ቀለማት ናቸው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ግጥም በመጀመሪያ በጆሮ እንጂ በዓይን ሊሰጥ አይገባውም። ልጆቹ በጠበቀው ቀለም ላይ እያጨበጨቡ በቃላቸው ይበሉት፤ ጽሑፉን ከዚያ በኋላ ይዩት።

በተግባር የምመክረው አካሄድ ቀላል ነው። ትምህርቱ በልጆቹ ቋንቋ በሚቀርብ እንቆቅልሽ ይጀመር። ቀጥሎ መምህሩ «ዘ ሙን ኢዝ» ብሎ ይጀምርና ጨረቃ ምን እንደምትመስል እያንዳንዱ ልጅ በሚያውቃት ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃል ይጨርስ። አንዱ እንጀራ፣ ሌላው የእናቱ ምጣድ፣ ሦስተኛው የበራ ፋኖስ ቢላት ሁሉም በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። አምስትና ስድስት መስመር ሲሰበሰብ ክፍሉ የራሱን ግጥም አገኘ ማለት ነው። የዘይቤው ስም የሚነገረው ያን ጊዜ ነው፤ ልጁ የሠራውን ነገር ስም ሲሰማ አይረሳውምና።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የተማሪው ዓረፍተ ነገር እንግዳ ሆኖ ሲታያችሁ፣ ቀዩን ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት «ምን ማለትህ ነው?» ወይም «ምን ማለትሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ልጅ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ፣ «ሆደ ሰፊ በእኛ ቋንቋ መልካም ነው፤ እንግሊዛዊ ግን ቦርጫም ሰው ይመስለዋል፤ የአባትህን ትዕግሥት እንዲያይልን በምን እንምሰለው?» እለው ነበር። ምናልባት በዛፍ ጥላ፣ ምናልባትም ሸክሙን ያለ ጩኸት በሚሸከም ምሰሶ ይመስለው ነበር። ምን ብሎ ይመልስልኝ እንደነበር ግን ከቶ አላውቅም፤ ዕድሉን አልሰጠሁትምና።

እናንተ ክፍል ውስጥ ዛሬም እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ደብተሩን ስትቀበሉት ከቀለማችሁ ይልቅ ጆሯችሁን አስቀድሙለት።