የማን ጉባኤ ይሞቃል?

ዛሬ 12ኛ ክፍልን የምትሰናበቱ ልጆቼ፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ከሲናን፣ ከማቻክል፣ ከአነደድ የመጣችሁ ወላጆች ዝናቡ ሳይጠነክር መመለስ አለባችሁ። ሰኔ ነው፤ እርሻው ይጠብቃችኋል። በክልላችን የስንቱ ትምህርት ቤት ደጅ በተዘጋባቸው ዓመታት ልጆቻችሁን እዚህ አድርሳችኋልና የዛሬው ጭብጨባ መጀመሪያ ለእናንተ ይሁን።

ጋባዦቼ «ልጆቹ ቀጥለው የት ገብተው ይማሩ የሚለውን ምከርልን» አሉኝ። እኔ 34 ዓመት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመረጥ ያወቅሁት ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ደበሎ ለብሼ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። አኮፋዳዬን አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ፣ ከውሻ ጋር እየታገልኩ ቁራሽ ለምኛለሁ። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳችን አንድ ቁጥቋጦ ሥር ገብተን ቅኔ እንቆጥራለን፤ ማታ የቆጠርነውን ይዘን ለየኔታ እንነግራለን። የኔታ የተሰበረውን ይጠግናሉ፤ ያልሆነውን «ሂድ፣ ደግመህ ቁጠር» ይላሉ።

በዚያ ዘመን ሁለት ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ሰላምታው እንዳለቀ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «የማን ጉባኤ ይሞቃል?» የደብሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን ሣር የሚጠይቅ አልነበረም። መምህሩ ማን ናቸው? ተማሪው ሲሳሳት ያርማሉ ወይስ ዝም ብለው ያሳልፋሉ? ከእሳቸው ዘንድ ተምሮ የወጣ አለ? መንደሩስ ለተማሪ ይራራል? ተጠያቂውም ከዚያ ጉባኤ የመጣ ከሆነ ያየውን ይናገራል። ካልሆነ «ሰማሁ እንጂ አላየሁም» ይላል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አባቶቻችን እያንዳንዱ ትምህርት የሚሞቅበትን ቦታ ያውቁ ነበር። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ቅኔ የሚሻ ደግሞ ወደ ዋድላ ካልሄደ ወደዚህ፣ ወደ ጎጃም ይመጣል፤ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዲማ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ጎዛምን ውስጥ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ እነ ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅንና ዲማን የረገጡት በዚሁ ልማድ ነው። አንዱን መምህር ከጠገቡ ወደሚቀጥለው ይነሣሉ። ተማሪው ዕውቀትን ይከተላል እንጂ ዕውቀት ተማሪውን ተከትሎ ሰፈሩ አይመጣም።

ልጆቼ፣ የዛሬውም ከዚያ እጅግ የራቀ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው። የባሕር ዳር ምሕንድስና በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ይጀምራል። ሐረማያ በግብርና፣ አርባ ምንጭ በውኃ ነው የተነሡት። የእኛው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀብሎ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዕድሜ የቀደመ ሁሉ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። በአዲስ ግቢ ትጉህ መምህር ይገኛል፤ በአንጋፋ ግቢም የቀዘቀዘ ጉባኤ አለ። የምላችሁ፣ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋልና ምርጫ ስትሞሉ የከተማውን ስም አትሙሉ፤ የምትሹት ትምህርት የት እንደሚሞቅ ጠይቃችሁ ሙሉ ነው።

«ጓደኛዬ የሞላውን ሞላሁ» የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኝ ነበር። ጓደኝነት ደግ ነገር ነው፤ ግን ጓደኛችሁ የሚወደው ሒሳብ ሆኖ እናንተ የምትወዱት ታሪክ ከሆነ አንድ መኝታ ክፍል ማደራችሁ ምን ይጠቅማል? ሌላው ደግሞ «ዋናው መግባት ነው፤ ዲፓርትመንቱን እዚያው አስብበታለሁ» ይላል። የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ስትጨርሱ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በውጤትና በወንበር ብዛት ነው፤ ሳያስብ የገባ የተረፈውን ይወስዳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥም አትዘንጉ።

አንድ ነገር ግን አልነቅፍም። ዛሬ የመንገድ ሰላም ራሱን የቻለ መመዘኛ ሆኗል። «ልጄ ከቅርቤ ይሁንልኝ» የምትል እናት አላዋቂ አይደለችም።

አሁን በቤተሰቤ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ገበሬ ነው። የበኩር ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣላት ቀረ። በዚያው ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና እየዞረ ኮሌጅ ያስተዋውቃል፤ የጤና ትምህርት በሦስት ዓመት፣ ሥራውም የተዘጋጀ ነው እያለ። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነርስ መሆን ትመኝ ነበር። ወንድሜ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህ ኮሌጅ ደህና ነው?» አለኝ። ስሙን ማስታወቂያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዋናው ግቢው ትልቅ ከተማ እንዳለም ሰምቻለሁ። «አዎ፣ የታወቀ ነው» አልኩት። ንግግራችን ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ወንድሜ ቀዩን በሬ ሸጠ። በሬ መሸጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልተርክም። ሁለት ክረምት በመቀናጆ አረሰ፤ ተራው እስኪደርሰው የጤፉ መዝሪያ እያለፈበት። እናቷ ቅቤውንና እንቁላሉን ከልጆቿ አፍ ነጥላ የቤት ኪራይ ከፈለችላት። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሱቅ በላይ፣ ፎቅ ላይ በተከራዩት ሦስት ክፍል ውስጥ ነው። ቤተ ሙከራ የተባለው አንድ አልጋና አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። መምህራኑ ስማቸው ሳይለመድ ይቀየራሉ። ይህን ሁሉ ለበዓል ስትመጣ ትነግረኝ ነበር። እኔም «ታገሺ፣ ልጄ፤ ትምህርት የትም ትምህርት ነው» እላት ነበር።

ቅኔ ቤት ቆይቼ፣ የማን ጉባኤ ይሞቃል እያልኩ አገር ዞሬ፣ ለገዛ ወንድሜ ልጅ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው።

ተመረቀች። በግ ታረደ። ጋውን ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍ ወንድሜ ቤት፣ ከሥዕለ አድኅኖው ጎን ተሰቀለ። ለሥራ ስታመለክት ግን «ማስረጃሽ ይጣራ» ተባለች። ሲጣራ፣ ኮሌጁ የእውቅና ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን በሌላ ከተማ ላለው ግቢ የተሰጠ ነው። እሷ የተማረችበት ቅርንጫፍ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ አልነበረውም። የተማረችው ሦስት ዓመት እንዳልነበረ ሆነ። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ያወረደችው ራሷ ናት።

በኋላ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ፣ ከሥር ጀምራ ሌላ ሙያ ተማረች፤ ዛሬ በእጇ ሥራ ታድራለች። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ወንድሜም ነገሩ ከተነሣ «ጋሼ ምን ያድርግ» ነው የሚለው። እኔ ግን ማድረግ የሚገባኝን አውቃለሁ። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ተሳፍሬ፣ ያንን ፎቅ ወጥቼ ማየት ነበረብኝ።

ወላጆቼ፣ ይህን ልብ በሉ። የእውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው ለተወሰነ የትምህርት መስክ፣ ለተወሰነ ግቢ፣ ለተወሰነ ዓይነት መርሐ ግብር፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። የሒሳብ አያያዝ ፈቃድ ለነርስ አይሆንም፤ የአዲስ አበባው ግቢ ፈቃድ ለደብረ ማርቆሱ አይሆንም፤ የመደበኛው ለርቀት አይሆንም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ አድርጓልና ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ ወረቀትም ዋስትና አይሆንም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ ፈቃዱን አስነብቡ፤ የፈቃድ ሰጪውንም መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የሚያኮሩ የግል ኮሌጆች አሉ፤ እነሱ ሲጠየቁ አይቆጡም። የሚቆጣ ከሆነ በሬያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ለዲግሪ የምትማሩ ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ «ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተማሪ የመውጫ ፈተና ወሰደ? ስንቱስ አለፈ?» ፈተናው በሁሉም መስክ በተጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። አራት ዓመት ከፍሎ ተምሮ በመጨረሻው ደጅ መመለስ አለ ማለት ነው። በመግቢያውም በኩል ታውቃላችሁ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች 5.4 በመቶ። ስለዚህ ከእናንተም ወደ ሬሜዲያል፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄዱ ይኖራሉ። እባካችሁ ወላጆች፣ ያንን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አትደብቁት። የወንድሜን ልጅ ያነሣት የሰለጠነ እጇ ነው።

ስለ ወላጅ ካነሣሁ አይቀር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ በዛብህን ታስታውሳላችሁ። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ፈልገው፣ ሳይጠይቁት፣ ለእግዚአብሔር ተሳሉት። ያ ስለት ግን ዕድሜ ልኩን ተከተለው። ዛሬም በየቤታችን ስለት አለ። ልጁ ገና በሆድ ሳለ «ዶክተር ይሆናል» ብለን ተስለናል። ልጁ ደም ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ እናት ግን ለጎረቤት ነግራለችና አትመለስም። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ስለታችሁን ፍቱላቸው። ዛሬ ማታ ቡና ተፈልቶ ስትቀመጡ «ልጄ፣ አንተስ ምን ትወዳለህ?» በሉና እስኪጨርስ ስሙት።

አሁን የልቤን ልናገር። ጉባኤን የሚያሞቀው መምህር ከሆነ መምህር የሚሆነው ማን ነው? በ34 ዓመት ውስጥ ጎበዝ ተማሪዎቼ መምህርነትን የመጨረሻው መስመር ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አልጻፉትም። ደመወዙን አውቀዋለሁ፤ ልጆቼን አሳድጌበታለሁና አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ነው። ግን ጎበዙ ሁሉ ከሸሸ የነገው ልጅ ከማን ይማራል? የየኔታ ደሞዝ የተማሪያቸው ቅኔ መቃናቱ ነበር። ከእናንተ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ልጆች፣ በውጤት ማነስ ተገፍተው ሳይሆን ወደውት፣ መምህርነትን መጀመሪያ ላይ ቢጽፉ የመጣሁበት ሁሉ ተሳካልኝ።

የትም ብትገቡ ደግሞ መምህሩን ፈልጉ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከመቶ ልጅ ጋር ስትቀመጡ መምህሩ አይፈልጋችሁም። ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ «እዚህ ጋ አልገባኝም» በሉ። ስልካችሁን ለአንድ ሰዓት ዝጉት። ቁጥቋጦ ሥር ብቻውን ያልቆጠረ ማታ የሚነግረው ቅኔ የለውም።

የመጨረሻው ቃሌ ይህ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ እናንተ ከምትማሩበት ስትሆኑ ከመንደራችሁ አንድ ልጅ ወይም አንድ አባት ይደውልላችኋል። «ያለህበት እንዴት ነው? ልጄን ልላከው?» ይላችኋል። ያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚጠየቀው ተማሪ እናንተ ናችሁ። ያያችሁትን ንገሩት፤ ደጉንም ጉድለቱንም። የማታውቁትን ከጠየቃችሁም «ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ ጠይቄ ልንገርህ» በሉት። እኔ ያን ቀን ለወንድሜ እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ ቀዩ በሬ በደጁ ይውል ነበር።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።