መጠለያ ስለሌላቸው ሕሙማንና ስለ ዕድራችን ድርሻ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ክረምት በሐኪም ጋራ ግርጌ፣ ከአንድ ግንብ ጥግ ለዓመታት ያድሩ የነበሩትን አዛውንት እኛው ቀበርናቸው። ድንኳን ተተከለ፤ ከፈን ተገዛ፤ ገንዘብ ያዣችንም ሳያንገራግሩ ከፈሉ። መልካም ነው። ነገር ግን እኒህ ሰው ወራት ሙሉ ሲያስሉ ሰምተናል እኮ! አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሕክምና ብንወስዳቸው «የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ይምጣ» ተባልን። ወረቀቱን ልናወጣ ብንሄድ ደግሞ የቤት ቁጥር ተጠየቅን። ቤት የሌለው ሰው የቤት ቁጥር ከየት ያመጣል?

የነገሩ ቋጠሮ ይኸው ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አሠራር መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም ሐረር ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የጎዳና አዳሪዎችም ታስበውበት ነበር። ዳሩ ግን ችግረኛው የሚለየው በየቀበሌው ነው፤ ቀበሌ የሚያውቀው ደግሞ በመዝገቡ የሰፈረውን ነዋሪ ነው።

የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ግን እንደ ተለመደው ስድስት ወር ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት፤ ሕመምተኛው ሲቀርም የሚፈልገው ሰው ያሻል። ብርድ ላይ የሚያድር፣ ፌስታሉን ጎርፍ የሚወስድበት ሰው ይህን እንዴት ይወጣው? ሲያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ለልጆቻችንም ይተርፋል።

ማደሪያና ሕክምና አብረው እንደሚሄዱ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በባቢሌ መንገድ ያለችው ቢሲዲሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ስትቋቋም፣ ሕሙማኑ ክኒን ብቻ ሳይሆን መኖሪያም አግኝተዋል። ፊንላንድም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሰውየውን አስቀድሞ ቤት ማስገባትን የመንግሥት መመሪያ አድርጋለች።

እኛ ቤት እንሥራ አላልንም። ዕድራችን ማኅተም አለው፤ «እኒህን ሰው እናውቃቸዋለን፣ ሰፈራችን ነው የሚኖሩት» ብሎ መጻፍና አንድ ተጠሪ መመደብ ይችላል። ዕቃ ቤታችንም ወንበሩ ጠጋ ጠጋ ቢል አንድ አልጋ ያስገባል። አንዳንዶቻችን «ዕድር ለሞት ነው እንጂ ለሕክምና አልተቋቋመም፤ ነገ መቶ ሰው ይመጣብናል» እንላለን። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ለዚህም ነው በአንድ ሰው እንጀምር የምንለው።

አሁን በዚያው ግንብ ጥግ አንዲት እናት ያድራሉ። ሳሉም ያው ሳል ነው። ደብዳቤው ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተሙ ነውና ዛሬውኑ ድምፅ እንድንሰጥበት እንጠይቃለን።