ጎማ በድንገት አይፈነዳም
(ስለ ተሽከርካሪ ጎማ አያያዝ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመንገድ ላይ አደጋ ደርሶ መንሥኤው ሲጠየቅ ዘወትር ከሚሰሙት መልሶች አንዱ «ጎማ ፈንድቶ ነው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አይከተልም። የጎማ መፈንዳት እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ፣ ማንም ሊያስቀረው የማይችል መዓት ተደርጎ ይቆጠርና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። የጎማን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ጥያቄው ገና እዚያ ላይ እንደሚጀመር ይረዳል። ስለታም ብረት ወይም ጥልቅ ጉድጓድ በቅጽበት የሚቀድደው ጎማ መኖሩ አይካድም። ከዚህ በቀር ያለው አብዛኛው ጎማ ግን ከመፈንዳቱ በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት ውስጥ ውስጡን ሲዳከም የቆየ ነው። እንግዲህ መታወቅ የሚገባው በነዚያ ቀናት ማን ምን ሳያደርግ እንደቀረ ነው።

ሮበርት ቶምሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ በአየር የሚሞላ ጎማን ሐሳብ በ1845 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦ ነበር። ይሁን እንጂ ጎማው በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 እ.ኤ.አ. በቤልፋስት ከተማ ለብስክሌት የሚሆነውን ሠርቶ ካሳየ ወዲህ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጎማ አሠራር እጅግ ቢሻሻልም አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ይኸውም ጭነቱን የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው አየር መሆኑ ነው። ላስቲኩ፣ ክሩና የብረት ሽቦው አየሩን የሚይዙ ዕቃዎች ናቸው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 300 ኪሎ ያሳርፋል። ጎማው በኢንች ካሬ 30 ፓውንድ፣ ማለትም በሴንቲ ሜትር ካሬ 2.1 ኪሎ ያህል ግፊት ቢኖረው፣ አስፋልቱን የሚነካው ገጹ ወደ 140 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ይህም ከአንድ ሰው የተዘረጋ እጅ እምብዛም አይበልጥም። መሪው ሲዞር፣ ፍሬን ሲያዝ፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲታጠፍ የተሳፋሪዎቹ ሕይወት የሚያርፈው በነዚህ አራት የእጅ ስፋቶች ላይ ነው።

አየሩ ሲጎድል የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል። የአንድ የቤት መኪና ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 40,000 ጊዜ ታጠፈ ማለት ነው። የብረት ሽቦ በእጅ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው እጥፋቱ እንደሚግል ያውቃል። ላስቲክም እንዲሁ ነው፤ ከዚህም በላይ ሙቀትን በቶሎ ስለማያስተላልፍ የተፈጠረው ሙቀት በውስጡ ይከማቻል። ሙቀቱ ሲበረታ ላስቲኩን ከክሩና ከሽቦው ጋር ያጣበቀው ኃይል እየላላ ይሄዳል። በመጨረሻም ጥርስ ያለው የላይኛው ክፍል ይገነጠላል፣ ወይም ጎኑ ይተረተራል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት በሚጨመርበት ቀጥ ያለ ጥሩ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ነገሩ ድንገተኛ ቢመስለው አያስደንቅም።

የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር ደግሞ ጉዳዩን ያጠብቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚያልፍ ደጋ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃል። በዚህ ጉዞ ሁለት ነገሮች በጎማው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራሉ። ሙቀቱ በውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ሲያደርግ፣ የቆላው ከባድ አየር ደግሞ ከውጭ ስለሚጫን በመለኪያው የሚነበበውን ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። ማለዳ አዲስ አበባ ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት 30 ፓውንድ የተለካ የቤት መኪና ጎማ ሰመራ ደርሶ ዐርፎ በ35 ዲግሪ ቢለካ ሁለቱ ተጣፍተው 30 አካባቢ ያሳያል። 110 ፓውንድ የተሞላ የጭነት መኪና ጎማ ግን ወደ 115 ከፍ ይላል፤ በጉዞ ላይ እንዳለ ቢለካ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ይህ ጭማሪ ጎማው ሲሠራ በቅድሚያ የታሰበበት ነው። ስለሆነም «ጎማው ግሏልና ትንሽ ይተንፍስ» ተብሎ በመንገድ ላይ አየር ማስወጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ አየሩ ከሚፈለገው በታች ሆኖ ይገኛልና።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ አጭር ነው። ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ማለትም ከጉዞ በፊት ወይም ከቆመ ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። የሚለካውም በመለኪያ ነው። ረዳቱ በብረት እየመታ ድምፁን መስማቱ፣ ወይም ባለመኪናው በእግሩ መርገጡ ፈጽሞ የተኛውን ጎማ ከቆመው ይለይለት ይሆናል፤ ከአየሩ አንድ አምስተኛው የጎደለበትን ግን አይለይም። ጎማን የሚገድለው ደግሞ ይኸው የማይታየው ጉድለት ነው። በጥንድ ጎማዎች ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ወደ ውስጥ ያለው አየር ሲያንሰው ጭነቱ በውጪው ላይ ይወድቃል፤ ውጪውም ቆሞ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ የውስጠኛው ጎማ ቫልቭ እጅ የሚያስገባ፣ ክዳኑም ያልጠፋ መሆን ይኖርበታል።

በረጅም ቁልቁለት ላይ ሌላ የሙቀት ምንጭ ይጨመራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር የፍሬኑን ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ያስተላልፋል። በከባድ ማርሽ መውረድ ፍሬንን ብቻ ሳይሆን ጎማንም የሚያድን መሆኑ ለአዳዲስ አሽከርካሪዎች ዘወትር ሊነገር ይገባል።

ጎማ የደረሰበትን ሁሉ በገጹ ላይ ጽፎ ይይዛል። ሁለቱ ዳርቻዎች ብቻ ያለቁ እንደሆነ አየር አንሶታል፤ መካከሉ ብቻ ያለቀ እንደሆነ አየር በዝቶበታል። አንዱ ጎን ብቻ የተበላ እንደሆነ የእግሮቹ አቅጣጫ ተዛብቷል፤ እዚህም እዚያም የተቦረቦረ እንደሆነ ባላንሱ ወይም ሾክ አብዞርበሩ ይመረመር። የቤት መኪና ጎማዎችን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ቦታ ማለዋወጥ አበላላቸው እኩል እንዲሆን ይረዳል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከነዚህ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው ዘመኑን ጨርሷል። በክረምት አስፋልት ላይ የተኛውን ውሃ የሚያስወጣው ይኸው ቦይ ስለሆነ፣ ጥርስ የሌለው ጎማ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዙም።

ጥርሱ ደኅና ሆኖ ዕድሜው ያለፈበት ጎማም አለ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ አራት አኀዞች ይገኛሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ በፀሐይ፣ በአየርና በዘይት እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላውም ጨርሶ እንዲለወጥ ይመክራሉ። በእስኮርታነት ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ ጎማም ከዚህ ደንብ ነፃ አይደለም።

ስለ ጥገና ሲነገር የጎሚስታውን ሠራተኛ መርሳት አይገባም። ሚስማር የወጋው ጎማ ከቸርኬው ወርዶ፣ ውስጡ ተመርምሮ፣ ከውስጥ በኩል ሊጠገን ይገባዋል። ጎኑ የተቀደደ፣ ወይም አየር ሳይኖረው ተነድቶ ጎኑ የተፈጨ ጎማ ግን አይጠገንም። እንዲህ ያለው ጎማ ተደፍኖ አየር ሲሞላ ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ወጣት ልጅ ነው። ቀለበት ያለው የከባድ መኪና ቸርኬ በትክክል ሳይገጥም አየር ቢሞላ ቀለበቱ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት አየሩን ፈጽሞ ማስወጣት፣ በሚሞላበትም ጊዜ ጎማውን በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ፣ በረዘመ ቱቦ፣ ወደ ጎን ርቆ መቆም ግዴታ ሊሆን ይገባል። ፍርግርጉን ማሠራት የጋራዡ ባለቤት ኃላፊነት ነው፤ በልጁ ጥንቃቄ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚያመለክተው የጎማ ጉዳይ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ነው። ጎማው ከፈነዳ በኋላ ጣት የሚቀሰረው በሾፌሩ ላይ ነው። ሆኖም ያረጀ ጎማ ገዝቶ ያስገጠመ ባለንብረት፣ ጎማው ከሚችለው በላይ የጫነ ነጋዴ፣ ለመለካት የሚያስፈልገውን ጥቂት ደቂቃ እንደ ባከነ ጊዜ የሚቆጥር ስምሪት ኃላፊ ከተጠያቂነት ሊያመልጡ አይገባም። በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ጎማውን አላየም፤ ቢያየውም ሊያነበው አይችልም። እሱ የሚተማመነው በነዚህ ሰዎችና በባለሙያው ላይ ነው። ለመለኪያ መግዣ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጎማም ሆነ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ፣ ያለ ዕድሜው የሚጣል እያንዳንዱ ጎማ ለባለቤቱም ለሀገርም ኪሳራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ከዚህ ይልቅ የሚስማማበት ቦታ አይገኝም።

በጋራዥ፣ በስምሪት ክፍልና በአደጋ ምርመራ ሥራ ላይ ያሉ የማኅበሩ አባላት በየመዝገባቸው ላይ አምስት ጥያቄዎችን ቢጨምሩ ብዙ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼና በማን ነው? የተሠራው በየትኛው ዓመት ነው? የቀረው ጥርስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የተጫነው ክብደት ጎማው ከሚችለው በላይ ነበርን? ከዚህ ቀደም የት ላይ፣ እንዴት ተጠግኗል? እነዚህ ጥያቄዎች ከአደጋ በኋላ ሲጠየቁ እውነቱን ያወጣሉ፤ በየማለዳው ከጉዞ በፊት ሲጠየቁ ግን አደጋውን ራሱን ያስቀራሉ።