ክኒኑን ከመተዋችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። አንዷ እህታችን የደም ግፊት ክኒን በጀመረች በሁለተኛው ወር እግሯ አበጠ፤ ነጠላ ጫማዋ ጠበባት። «ክኒኑ አወፈረኝ» ስትለን፣ ቡና እየጠጣን «እስቲ ተዪውና እዪው» አልናት። ተወችው። እብጠቱ ጎደለ፤ እኛም ደስ አለን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። ዛሬም እንጀራ የምትጋግርላት ልጇ ናት።

ከዚያ ወዲህ ከጤና ጣቢያ ነርስ ጠርተን ጠየቅን። የእህታችን መድኃኒት አምሎዲፒን ነበር። አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ውፍረት ግን አይደለም፣ ፈሳሽ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሲለውጥ ይጎድላል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካሳበጠ ግን ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው። ለማርገዝ ያሰበችም ኢናላፕሪል እንደምትወስድ አስቀድማ ትንገር። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል። አቴኖሎል ያደክማል፣ ክብደትም በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል፤ በድንገት ማቋረጡ ደግሞ ለልብ አደገኛ ነው።

ለብዙዎቹ ችግሮች መላ አለ፤ ሐኪሙ መላ የሚፈልገው ግን ስንነግረው ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ስላላመመን ዳንን ማለት አይደለም።

ስለዚህ በየወሩ ስንሰበሰብ፣ መዋጮ ከመክፈላችን በፊት እንመዘናለን፣ ግፊታችንን እንለካለን፣ በደብተር እንጽፋለን። 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነባትን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። ክብደቷ በጥቂት ቀናት የጨመረ፣ ትንፋሽም ያጠራት እህት ቀጠሮ አትጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። ከእንግዲህ «ተዪው» የምትል አንደበት በመካከላችን አትኑር፤ «ነይ፣ አብረን ሄደን እንንገራቸው» እንበል።

ሚዛኑንና የግፊት መለኪያውን የገዛችሁልን ደጋፊዎቻችን፣ ሥራ ላይ ናቸው። እህታችንም መድኃኒቷ ተለውጦላት ዛሬ በመካከላችን ናት። ደብተሩን በቀኝ እጇ የምትጽፍልን እሷ ናት።